ባሕር የሌለው አገር ጡረተኛ ወዴት ይውረድ?

(በቤቴል፣ በአንድ የእድር አዳራሽ ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። “ጡረታ ስንወጣ ሞቅ ያለ ውኃ ዳር ብንወርድስ?” የሚለው ወሬ በዚህ ሰፈር በየቡናው ላይ ይነሣል። የሚያነሣውም ሰው አይፈረድበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በቤቴል ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚያልፍ ሰው፣ ጋቢ ደርቦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ አዛውንት ማየቱ አይቀርም። ጥላው ሲደርስበት በርጩማውን አንሥቶ ፀሐይ ወዳለበት አጥር ይዛወራል። ሦስት ሰዓት ገደማ ሰፈሩ ሲሞቅ ደግሞ ጋቢውን አጣጥፎ ይገባል። ክረምቱ ሌላ ነው፤ በሐምሌ ፀሐይዋም የለችም፣ ጭቃው ከበር አያስወጣም፣ ጉልበት ይቆረጥማል።

ፈረንጆቹ ለዚህ ችግር የታወቀ መልስ አላቸው። እንግሊዛዊው ጡረታ ሲወጣ ወደ ስፔን ጠረፍ ይወርዳል፣ የኒው ዮርኩ ወደ ፍሎሪዳ። እኛ ግን ከ1985 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌለን ሕዝብ ነን። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የእኛ ሰው “ውኃ ዳር” ሲል ሐዋሳን፣ ቢሾፍቱን፣ ባቱን፣ አርባ ምንጭን፣ ባሕር ዳርን ማለቱ ነው። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን የማየው በካርታ ነው፤ በካርታ ሲታይ ደግሞ ጡረተኛው የሚመርጠው ከፍታን ነው። ውኃው ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው።

ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ይህቺው ከተማችን ትበቃለች። ዐፄ ምኒልክ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ለጦር አመቺ ቢሆንም ብርዱ ከባድ፣ ማገዶውም እያለቀ የሄደ ቦታ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ይታጠቡ ነበርና በ1879 እዚያው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ መኳንንቱ ተከተሉ፣ ከተማውም ወረደ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ብርድ የሰለቻቸው ሰዎች ሰባት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ስለወረዱ ነው። የሰባት መቶ ሜትር ትርጉሙ ይህ ነው፦ በጥቅሉ 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። ጣይቱ በዚያች ቁልቁለት አራት ዲግሪ ተኩል ገደማ አተረፉ ማለት ነው። እኛ ዛሬ የምንንቀጠቀጥበት ቤቴል ለእርሳቸው ዘመን ሰው ሞቃት አገር ነበር።

ይህን ሒሳብ ያዙልኝና ከዚህ ወደ ታች እንቁጠር። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700፣ ባቱ ከ1,600 ትንሽ በላይ፣ አርባ ምንጭ ከ1,300 ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ወደ ቢሾፍቱ የወረደ ሰው ያተረፈው ሙቀት ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሹራብ ያስወልቃል፣ ጋቢውን ግን አያስጥልም። አርባ ምንጭ የወረደው ሁለቱንም ይጥላል፣ ከዚያም አልፎ ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ውኃ ማየት ብቻ ሙቀት እንደማይሰጥ የሚያስረዳን ደግሞ ወንጪ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ይህ ሐይቅ ውብ ነው፣ አሁን ማረፊያም ተሠርቶበታል፤ ነገር ግን አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለቁርጥማት ብሎ ወንጪ የሚሰፍር ጡረተኛ ወደ እንጦጦ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

“ባሕሩ ቢኖረን ኖሮ ግን…” የሚል አለ። ይህ ቁጭት ይገባኛል፣ ነገር ግን ለጡረታ ጉዳይ መልስ አይሆንም። ምጽዋ ላይ ቤተ መንግሥት ነበረን፤ ቨርነር ሙንትሲንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ያሠራው፣ ኋላ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የበጋ ማረፊያ የሆነው ነው። የበጋ ማረፊያ መባሉን ልብ በሉ። ምጽዋ በጥርና በየካቲት ደስ ይላል፤ በሰኔና በሐምሌ ግን ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ስለሚያልፍ የምጽዋ ሰው አቅሙ ከቻለ አሥመራ ይወጣ ነበር። ዛሬም የጅቡቲ ሰዎች ያንን ወቅት ለመሸሽ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሽቅብ ይመጣሉ። እኛ ወደ እነርሱ ልንወርድ ስናስብ እነርሱ ወደ እኛ ይወጣሉ። ቀይ ባሕር በእጃችን ቢሆንም ኖሮ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖረን አልነበረም።

ንጉሠ ነገሥቱን ካነሣን አይቀር፣ ውኃ ዳር በመምረጥ እንደ እርሳቸው የደከመ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1928 ተሰደው እንግሊዝ አገር ሲገቡ ዎርዚንግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለጥቂት ጊዜ በሆቴል ተቀመጡ። ዘለቄታውን ግን ባሕሩን ትተው ባዝ ገቡ። ባዝ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1932 ድረስ እዚያ ኖሩ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ላሠሩት ቤት ያንኑ ስም አወጡለት። የባዙን ቤት ደግሞ በ1950 ለከተማዋ አስተዳደር ሰጡት፤ የአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ብለው። በስደት ብርድ የኖረ ሰው ስለ ሽማግሌ ቤት ማሰቡ አይገርምም።

የእኛው አገር ዋናው የጡረተኛ ከተማ ግን ሐዋሳ ናት፤ ይህን ስል ስለ ዛሬዎቹ ሪዞርቶች መናገሬ አይደለም። ቦታው በሲዳማዎች ዘንድ አዳሬ የሚባል የከብት መሰማሪያ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ሰፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ፤ መሬት እየተሰጣቸው ሐይቁ ዳር ሰፈሩ። ለእነርሱ የተሰጠው መሬት የሌላ ሰው ግጦሽ እንደነበር ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ጡረተኛ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ የሚጠብቀው አልፎ አልፎ ነው።

ሐዋሳን ለማየት የሚሄድ ሰው ጠዋት አሞራ ገደል ይውረድ። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ቢልጫውን ያወርዳሉ፤ ልጆች ቁጢጥ ብለው ቅርፊቱን በቢላ ይፍቃሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ገንጥለው አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ከኋላቸው ራሰ በራዎቹ አባ ኮዳዎች፣ ቁመታቸው ደረት የሚደርስ፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው ቆመው ይጠብቃሉ። ጥሬውን በአዋዜ የሚበላ አለ፣ ጥብሱን የሚመርጥ አለ፣ የዓሣ ሾርባው ሲጨስ ይታያል። ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ይህን የሚያይ የአዲስ አበባ ሰው “እዚሁ ብቀርስ!” ቢል እኔም አልቃወመው። ችግሩ ሰዉ ይህን የሚያየው ቅዳሜና እሑድ፣ በሆቴል አልጋ አድሮ፣ በጥር ወር መሆኑ ነው። ማክሰኞ ቀን በነሐሴ፣ ውኃና መብራት በጠፋበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ባለቀበት ሰዓት ሐዋሳ ምን እንደምትመስል የሚያውቀው ነዋሪው ነው።

አሁን ወደ ጤናው ልግባ፤ ሐኪም አይደለሁምና የምለውን ሐኪማችሁ ያጽናው። መውረድ ለአንዳንድ ሰው በእውነት ይጠቅማል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባችንም የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሐዋሳ ስንወርድ ግፊቱ ከመቶ ሰማንያ ይበልጣል። ሳንባው ወይም ልቡ የደከመ ሰው ደረጃ ሲወጣ ልዩነቱን ያውቀዋል። ሐኪም “ቆላ ብትወርድ ይሻልሃል” የሚለው ለዚህ ነው።

ሆኖም አያቶቻችን ደጋውን የመረጡት በበቂ ምክንያት ነበር፤ ወባን ፈርተው ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው የአገራችን ክፍል በአብዛኛው የወባ አገር ነው፣ ከላይ የዘረዘርኳቸውም ከተሞች ሁሉ ከዚያ በታች ናቸው። በ1950 ክረምት የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 1951 ዘልቆ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ያ ወረርሽኝ ያጠቃው በረሃውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ወይናደጋ ላይ ነበር የበረታው። ጡረተኛው “አየሩ ተስማሚ ነው” ብሎ በሚመርጠው ቀበቶ ላይ ማለት ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አጎበር አለ፣ ርጭት አለ፣ መድኃኒት አለ። ነገር ግን እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ታሞ የሚያገኘው መከላከያ በቤቴል ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ደም ውስጥ የለም። ትኩሳት ሲጀምረው “ጉንፋን ነው” ብሎ ሎሚ በማር የሚጠጣም እርሱ ነው።

ወቅቱም አስቸጋሪ ነው። ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እኛ ዘንድ ውርጩ የሚጀምረውና ሰው “ልውረድ” የሚለው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ቀን መቁጠሪያው ለጡረተኛ አልተመቸም። ስለዚህ ሰዎች ሲጠይቁኝ ሐምሌና ነሐሴን፣ ወይም ጥርና የካቲትን ውረዱ እላለሁ፤ ኅዳርን በጋቢያችሁ አሳልፉት።

ከወባ ቀጥሎ የሚረሳው የሚጠጣው ውኃ ነው። ስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው፤ ሶደሬንና ወንዶ ገነትን የሰጠን ያው ከርሰ ምድር የጉድጓድ ውኃውን በፍሎራይድ ይሞላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው። ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ይገባል፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ወገባቸው እየደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር እያለ የታመሙት በዚህ ነበር፣ በሐኪሞችም በሰፊው ተጠንቷል። ለቁርጥማት ብሎ ወርዶ አጥንት የሚያደርቅ ውኃ መጠጣት የሚያሳዝን ንግድ ነው። እባካችሁ ይህን ደግሞ አስተውሉ፦ ፍሎራይድ ውኃውን በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ስለዚህ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ዕይታው ሳይሆን ቧንቧው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ከወንዝ ተጣርቶ ነው ወይስ ከጉድጓድ?

ከዚሁ ከርሰ ምድር የሚመጣ ሌላም አለ። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽና ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ቤቴል ድረስ አልጋ አንቀሳቅሷል፤ እዚያ ያለው ሰው ግን ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ሐይቅም እንደ ግንብ ቆሞ አይኖርም። የመተሐራው በሰቃ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 በላይ ደረሰና መንገዱንና ሐዲዱን አስለቀቀ። ሐሮማያ በ1990ዎቹ ጨርሶ ደረቀ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው ውኃ መመለስ የጀመረው። አቢጃታ እየሸሸ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚፈስበት መውጫ የለውም፤ የገባበት ውኃ ሁሉ እዚያው ይከማቻል፣ ለዚህም ከተማዋ መከላከያ ግድብ ሠርታለች። “ሐይቁን ነክቶ” ተብሎ በደላላ የሚሸጥ ቦታ አንድ ቀን ሐይቁ ራሱ ሊነካው እንደሚችል አስቡ። ቢሾፍቱም ጸጥ ያለች የመዝናኛ ከተማ መሆኗ ይቀንሳል፤ የአየር ኃይሉ መደብ ከጥንትም እዚያ ነው፣ አቡሴራ ላይ የታቀደው ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያም ሲመጣ መሬቱም ጩኸቱም ይጨምራል።

ጣናን ለምን ዘለልከው የምትሉኝ ጎጃሜዎች አላችሁ። አልዘለልኩትም። ጣና ከሁሉም በላይ የቆየ የሽምግልና ቦታ ነው። በድሮው ሥርዓት አዛውንቱ ርስቱን ለልጆቹ አውርሶ፣ ቆብ ደፍቶ ገዳም ይገባ ነበር፤ ያ ነበር የእኛ ጡረታ። ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም አርፏል። የሚገርመው እነዚያ የመነኮሱ አዛውንቶች ደሴቱን የመረጡት ለሙቀቱ አለመሆኑ ነው፤ ከሰው ለመራቅ ነው። የዛሬው ጡረተኛ ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ ሰው እንዳይርቀው። ባሕር ዳር በፍሎራይዱ በኩል ከስምጥ ሸለቆው ትሻላለች፣ ሪፈራል ሆስፒታሎችም አሏት፤ ለቤቴል ሰው የሚከብደው ርቀቷ ነው፣ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ሐዋሳ ከእኛ በቡታጅራ በኩል እንኳ ቢሆን በቀን ትደርሳለች፤ ከአየር ጤና ዓለም ገና፣ ከዚያ ቡታጅራ፣ ከዚያ ዝዋይ፣ ይቅርታ ባቱ፣ እያለ የሚወርደውን መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡን ባጭሩ። በጡረታ አዋጁ ስሌት አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ለሲቪሉ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመርለታል፣ ጣሪያው 70 ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ በሁለት ከተማ ሁለት ቤት ማቆም የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ብዙው ሰው የሚያስበው የቤቴሉን ሸጦ መውረድን ነው። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የቤቴሉን ክፍል አከራዩና በኪራዩ እዚያ ተከራዩ። ቢያንስ አንድ ክረምት ሳታዩ አትሽጡ።

ከአሜሪካ ለሚመለሱት ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ በዚህ ሰፈር ግቢ ሠርተው ቢጫ ካርድ ይዘው የሚመላለሱ ብዙ ናቸውና። የአሜሪካን ጡረታ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ መቀበል ይቻላል። ሜዲኬር ግን በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ “ዶላሩ ይበቃኛል” የሚለው ሒሳብ የሚጸናው ልብ ሕመም እስኪመጣ ነው። ሕመም ሲመጣ ደግሞ ርቀት ይቆጠራል፤ እዚህ ቤቴል ላይ ሆነን አለርት ቅርባችን ነው፣ ጦር ኃይሎች ቅርባችን ነው፣ ሰፈራችንም የራሱ ሆስፒታል አለው። ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አላት። ላንጋኖ ዳር የተሠራ ቤት ውስጥ በሌሊት ደረቱን ያመመው ሰው ግን መጀመሪያ መኪና ይፈልግ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም የከበደው ነው፤ በዚህ አዳራሽ መነገሩም አጋጣሚ አይደለም። በስልሳ አምስት ዓመቱ አዲስ ከተማ የገባ ሰው እድር ሊገባ ሲሄድ፣ እድሩ ለሠላሳ ዓመት ያፈራው ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ተቀማጭ ገንዘብ ተሰልቶ ድርሻውን መግቢያ ክፈል ይባላል። ይከፍል ይሆናል። ለእድርተኞቹ ግን በቀብር ላይ አፈር ያላለበሰ፣ ሦስት ቀን አብሮ ያልተቀመጠ ጎረቤት ነው። በዚያ ላይ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ የንስሐ አባቱ ወይም የመስጊዱ ወዳጆች እዚህ ናቸው፣ እናትና አባቱም የተቀበሩት እዚህ ነው። አንዳንዱ ይህን ለመሸሽ ሁለቱንም እድር ይከፍላል። አንዳንዱ ይወርድና ወርኃዊውን በልጁ በኩል ይልካል፤ ሳይታይ ለዓመት ሲቆይ ግን አባላቱ ማጉረምረም ይጀምራሉ። እነርሱም ልክ ናቸው፤ እድር በብር ብቻ አይቆምም፣ በመገኘት ነው የሚቆመው።

እኔ እንደምመክረው በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ወር ወርዶ መመለስ ለእኛ አቅምና ለእኛ ኑሮ ይስማማል። ይህ እንዲሆን ግን የእድሩ ደንብ መናገር አለበት። በክረምት ሁለት ወር ሐዋሳ የተቀመጠ አባል ለቀብር ባለመገኘቱ ይቀጣል ወይስ ፈቃድ ይሰጠዋል? እዚያው ቢሞት ሬሳውን የማምጫው መኪና የማን ወጪ ነው? ደንባችሁን ትናንት አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱንም አይመልስም። የእድሩ ዳኛ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋልና ጥያቄውን ለእርሳቸው ልተውና እኔ ልቀመጥ።